የባልዲ ጀግና

ሬንጅ ላይ መጥፎ ጎልፍ ተጫዋች የለም። ሬንጅ የምንለው፣ ጎልፍ ነክቶ ለማያውቅ አንባቢ ልንገርና፣ የመለማመጃውን ሜዳ ነው። ገንዘብ ትከፍላለህ፣ ባልዲ ሙሉ ኳስ ይሰጡሃል፣ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ምንጣፎች በአንዱ ላይ ትቆምና ባልዲው እስኪያልቅ ወደ ፊት ትመታለህ። ሁለቷ ወደ ቀኝ ይጠማሉ፣ አንዷ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች፣ አራተኛዋ ቀጥ ብላ ሰማዩን ሰንጥቃ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ‹‹አሃ፣ አሁን መጣልኝ!›› ትላለህ። የጠመሙትን ማን ይቆጥራል? ሜዳው ሰፊ ነው፤ ኳሷ ግራም ሄደች ቀኝ፣ ከሣር በቀር የምታርፍበት የለም። ኋላ ዙሪያዋን በሽቦ የታጠረች ኳስ ለቃሚ መኪና መጥታ የጠመመውንም የቀናውንም አንድ ላይ ጠርጋ ትወስደዋለች። ሬንጅ ላይ ሰው ሁሉ ከልቡ የሚያነጣጥርባት ብቸኛ ዒላማ እሷው መኪና ናት። ሹፌሩ ምን እንደበደለን አላውቅም።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቶ ልጆች ያሳደገ፣ ዘመኑ ተለውጦ ሰው በስልክ መኪና መጥራት ሲጀምር እሱም ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ሰክቶ የቀጠለ ሰው ነው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ሌሎቹ ስለ አገር ጉዳይ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱ ዱላ እንዴት እንደሚጨበጥ የሚያስተምር ቪዲዮ ያያል። ቦርሳው ውስጥ 14 ዱላ አለ። በአሜሪካ የጎልፍ ሕግ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚያ በላይ ይዞ መጫወት ክልክል ነው፤ አሥራ አምስተኛው መኪናው ኋላ የቀረውም በዚሁ ሕግ ምክንያት ብቻ ነው። ከሥራ ሲወጣ ሬንጅ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሬንጅ፣ ባለቤቱ ስትቆጣ ሬንጅ። ትልቁን ባልዲ ይገዛል። እዚያ ሲመታ ላየው ሰው ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ያላለው ወረቀቱ ስላላለቀለት ይመስላል።

እውነተኛው ሜዳ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያው ቀዳዳ መነሻ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ብቻህን ከመጣህ ደግሞ ከማታውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ያጣምሩሃል፤ ስምህን ይጠይቁሃል፣ ያስደግሙሃል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ድረስ ‹‹ባዲ››፣ ጓዴ እንደ ማለት፣ ይሉሃል። ወዳጄ ኳሷን ያስቀምጣል፤ ሁለት ጊዜ ዱላውን አየር ላይ ያወዛውዛል (እነዚህ ሁለቱ ምንጊዜም ያምራሉ)፤ በሦስተኛው ይመታል፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ተጠምዝዛ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። ዞር ብሎ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ‹‹ሬንጅ ላይ እኮ እንዲህ አልነበርኩም!›› ጎልፍ በሚጫወትበት አገር ሁሉ ከዚህ የበለጠ የተነገረ ነገር ያለ አይመስለኝም። ሦስቱ ባዲዎች በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እነሱም ትናንት ሬንጅ ላይ እንዲህ አልነበሩም።

ከዚያስ? በማግሥቱ ተመልሶ ሬንጅ። ባልዲው ይጨምራል። በሽታው የሚነሣበት ሜዳ ላይ ነው፤ መድኃኒቱን የሚፈልገው ሬንጅ ላይ ነው።

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሒሳብ ሠራሁለት። አንድ ምት ከአነሣሡ እስከ ፍጻሜው ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። በአሥራ ስምንቱ ቀዳዳ 90 ምት የሚመታ ሰው (ወዳጄ እዚያ ቢደርስ በግ ያርዳል) ዱላ ሲያወዛውዝ የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ነው። ጨዋታው ግን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የቀረው ጊዜ የመሄድ፣ የመጠበቅ፣ ነፋስ የማየት፣ ዱላ የመምረጥ፣ ኳስ የመፈለግ፣ ከሁሉም በላይ ያለፈውን ምት የመርሳት ጊዜ ነው። ሬንጅ የሚያስተምረው ሦስቱን ደቂቃ ነው። ለአራቱ ሰዓት ማንም ባልዲ አይሸጥም።

ሦስቱንም ደቂቃ ቢሆን በወጉ አያስተምርም። ምንጣፉን ተመልከቱት። እውነተኛ ሣር ላይ ዱላህ ኳሷን ከመንካቱ በፊት ትንሽ ቀድሞ መሬት ከመታ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፤ ከኳሷ ይልቅ የተቦጨቀው ሣር ርቆ ይሄዳል፤ ባዲዎቹ ወደ ሰማይ ያያሉ። ምንጣፍ ላይ ያው ጥፋት ይቅር ይባላል። ዱላው ፕላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ኳሷን ያገኛታል፣ እሷም ደኅና ትሄዳለች፣ አንተም ጥፋትህን ሳታውቅ ‹‹ግሩም!›› ብለህ ወደሚቀጥለው ትሻገራለህ። ደግሞም ምንጣፉ ለጥ ያለ ነው። ሜዳ ላይ ግን ከመነሻው ቦታ ሌላ እግርህ ለጥ ያለ መሬት ካገኘ ዕድለኛ ነህ። ኳሷ ከእግርህ ከፍ ብላ ተዳፋት ላይ ከቆመች፣ በቀኝ እጁ ለሚመታ ሰው ወደ ግራ ታደላለች፤ ዝቅ ካለች ወደ ቀኝ። ይህን በቪዲዮ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሜዳ ላይ የተቀጣ ሰው ግን እግሩ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። የጎልፍ ሜዳ ብዙውን ጊዜ 72 ምት ተተምኖለታል፤ ፓር የሚሉት ይህን ነው። አተማመኑ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለስላሳው ሣር ላይ፣ ግሪን ላይ፣ ሁለት ሁለት ምት ይመድባል። ሲደመር 36፣ ማለት የትመናው ግማሽ ነው። ይህን ግማሽ የሚጫወቱት በፓተር፣ ኳሷን ቀስ አድርገው 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ወዳለው ቀዳዳ እየገፉ ነው። ታዲያ ከትልቁ ባልዲ ስንቷን ኳስ በፓተር የመታ ሰው አይታችኋል? ወዳጄ ባልዲውን የሚያጋምሰው በድራይቨር ነው፣ በረጅሙ ዱላ። ድምፁ ደስ ይላላ!

ነገሩ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጎልፍ ያልነበረበት አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ1979 እ.ኤ.አ. ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎች የቴኒስ ኳስ ይዘው ትንንሽ የእንጨት መሰናክሎችን በታዘዘው ቅደም ተከተል እንዲጥሉ አደረጉ። ሦስት ዓይነት ቅደም ተከተል ነበር። ገሚሶቹ አንዱን ዓይነት ደጋግመው ከጨረሱ በኋላ ወደሚቀጥለው አለፉ፤ ገሚሶቹ ሦስቱን እያፈራረቁ ሠሩ። በልምምዱ ጊዜ የደጋጋሚዎቹ እጅ ፈጠነ፤ ያፈራረቁት ሲደናበሩ ቆዩ። ከአሥር ቀን በኋላ ተጠርተው ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሲደናበሩ የነበሩት በለጡ። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ጥቂት አሰበና፣ ‹‹እንጨት መጣልና ጎልፍ አንድ ነው?›› አለኝ። እኔም በየሄደበት ዛፍ ስለሚመታ አንድ ነው አልኩት።

ከጥናቱ ይልቅ የገዛ አክስቴ ይሻላሉ። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበርና ቤት ውስጥ እንዳይሰለቻቸው ይዘናቸው ወጣን። መጀመሪያ ሬንጁን አዩ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና፣

‹‹ማን እየመራ ነው?›› አሉ።

‹‹ማንም እትዬ፤ ልምምድ ነው።››

‹‹የሚገባበትስ የታለ?››

‹‹እዚህ የሚገባበት የለም። ዝም ብለው ይመቱታል።››

‹‹ከዚያስ ማን ይለቅመዋል?››

መኪናዋን አሳየኋቸው። ‹‹ምስኪን!›› አሉ፤ ሹፌሩን ነው። ከዚያ ወደ ሜዳው ስንገባ ሌላ ጉድ መጣ። ያን ሁሉ አረንጓዴ መሬት፣ ኮረብታውን፣ ኩሬውን እያዩ፣ ‹‹ይህን ያህል መሬት ጦሙን ያድራል?›› ብለው አዘኑ። ጤፍ ቢዘራበት ምን ያህል እንደሚወጣው እስከ ሦስተኛው ቀዳዳ ድረስ አሰሉ። አምስተኛው ላይ ግን ወዳጄ ኳሷን ከአሸዋ ውስጥ አውጥቶ በአንድ ምት ቀዳዳው አጠገብ ሲያደርሳት ብድግ ብለው እልል አሉ። የወዲያኛው ቀዳዳ ተጫዋቾች ዱላቸውን አስቀምጠው ዞሩ። ወዳጄ እስከ ዛሬ የሚያወራው ያን ምት ነው፤ ሬንጅ ላይ መትቷት እልል የተባለላት ኳስ የለችውም።

እኛ እኮ ጨዋታ ሜዳ ላይ እንደሚለመድ ከልጅነታችን እናውቅ ነበር። ገና ስንጫወት ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጠን በቀጥታ ሜዳ ነው የገባነው። ‹‹መጀመሪያ መቶ ጊዜ እሩር ምታና ና›› ያለን ታላቅ ወንድም የለም። ሜዳው ድንጋይ ነበረው፣ ገደል ነበረው፣ የሰው ቅልጥም ነበረው፤ እዚያው ለመድን።

ከጎልፍ ታላላቆችም እንዲሁ የለመዱ አሉ። ስፔናዊው ሴቪ ባዬስቴሮስ ሰሜን ስፔን ፔድሬኛ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ሲያድግ የነበረው አንድ ዱላ ነው፤ ሦስት ቁጥር አይረን። በእሱ አሸዋው ላይ ጠጠር ይመታል፤ ሲመሽ ደግሞ ተደብቆ እዚያው መንደር ያለው የሀብታሞች ክለብ ሜዳ ይገባል። በአንድ ዱላ ሁሉንም ዓይነት ምት መምታት ነበረበትና ቻለው። በ1979 በእንግሊዙ ሮያል ሊተም ሜዳ የብሪታኒያን ኦፕን ውድድር ሲጫወት፣ በመጨረሻው ቀን አሥራ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ኳሷን ጊዜያዊ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጣላት። መኪኖች መካከል! እሱ ግን ከዚያ አውጥቶ ከፓሩ በአንድ ምት አንሶ ጨረሰና ዋንጫውን ወሰደ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኖ መምታት በየትኛው ሬንጅ ይማሩታል? እዚህ ከተማ መኪና በማቆም ሥራ ያልሠራ አበሻ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዱላ ይዞ አልነበረም።

ሜዳ ሁልጊዜ ይክሳል ማለቴ አይደለም። ፈረንሣዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ በዚሁ ውድድር፣ በ1999 ስኮትላንድ፣ ካርኑስቲ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ቀዳዳ ሲመጣ በሦስት ምት ይመራ ነበር። ስድስት ቢመታ እንኳ ያሸንፋል። አርቆ ለመምታት ሲል ኳሱ የተመልካች መቀመጫ ገጭታ ተመለሰች፤ ቀጥላም ወንዝ ውስጥ ገባች። ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ቆመ፤ ዓለም ሁሉ አየው። ሰባት መታ፤ በተጨማሪው ጨዋታም ተሸነፈ። የሰውየው አመታት እኮ እንከን አልነበረውም፤ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከሁሉ ተሽሎ ነው የመጣው። የጎደለው ‹‹አሁን አጭሩን ዱላ አውጥተህ በሰላም ግባ›› የሚል ሐሳብ ነበር። ይህን ሐሳብ ሬንጅ ላይ የሚያነሣብህ ነገር የለም፤ ሬንጅ ላይ ወንዝ የለማ።

ወዳጄ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አይደለም። ‹‹ቪጄይ ሲንግስ?›› ይለኛል። እውነት አለው። የፊጂው ቪጄይ ሲንግ ከሬንጅ አይወጣም እየተባለ የሚታማ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚመታ ሰው ነበር፤ በ2004 በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር በአንድ ዓመት ዘጠኝ ውድድር አሸንፏል። እኔም የምመልስለት አለኝ፦ ቪጄይ ከሬንጁ ወጥቶ ሐሙስ ውድድር ይገባል፤ አንተ ከሬንጁ ወጥተህ ኤርፖርት ትሄዳለህ። ‹‹አዲስ አበባስ?›› ይላል ቀጥሎ። ይህ ትልቁ ማስረጃው ነው። ለጥምቀት አገር ቤት ሄዶ አዲስ አበባው ጎልፍ ክለብ ገብቶ ተጫውቶ፣ ድራይቨሩ ከወትሮው እጅግ ርቆለት፣ ልምምዱ ፍሬ አፈራ ብሎ ተመልሷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ሁሉ ይርቃል። ይህን ስነግረው ተቀየመኝ። እስከ ዐቢይ ጾም አላነጋገረኝም።

እኔን ግን ከሁሉ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ዋሽንግተን ጎልፍ ሜዳ መግባት ለጥቁር ሰው የተፈቀደው እንዲሁ አልነበረም። ላንግስተን የሚባለው ሜዳ በ1939 የተከፈተው ለጥቁሮች ተብሎ ነው፤ በሌሎቹ የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ከነጮች ጋር እንደ ልብ መጫወት አይቻልም ነበር። በሰኔ 1941 ሦስት ጥቁር ተጫዋቾች ወንዙ ዳር ወዳለው ኢስት ፖቶማክ ሄዱ፣ ከፈሉ፣ የተሰበሰበው ሰው እየሰደባቸው ተጫወቱ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስም የከተማዋ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት መሆናቸውን አጸኑ። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ስድብ የቻሉት አሥራ ስምንት ቀዳዳ ለመጫወት ነው። ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከሩቅ የዋሽንግተን ሐውልት ይታያል፤ የእኔ ወዳጅ አጥሩ ዳር ምንጣፍ ላይ ቆሞ ባልዲ ይጨርሳል።

ሬንጅ ይዘጋ አላልኩም። ዱላ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው ሜዳ ቢገባ ከኋላው የሚጠብቀው ሕዝብ ይረግመዋል፤ ጀማሪ ይለማመድ። ከጨዋታ በፊት ጡንቻ ለማፍታታት ጥቂት ኳስ መምታትም ደግ ነው። ክረምቱ በረዶ ሲሆንም ሌላ ምርጫ የለም። ሬንጅ መሄድ ግድ ከሆነ ግን እዚያው ሜዳውን ተጫወቱት፦ አንድ የምታውቁትን ሜዳ በሐሳባችሁ ይዛችሁ፣ መጀመሪያ በድራይቨር፣ ቀጥሎ በአይረን፣ ቀጥሎ በአጭሯ፤ አንድ ዱላ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አትንኩ። ከእያንዳንዷ ምት በፊት ከምንጣፉ ወርዳችሁ ራቅ ብላችሁ ተመለሱ። ጎረቤታችሁ አብደዋል ይላችኋል፤ ይበል። ባልዲው ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ለኪስም ይጠቅማል።

ከዚያ የሚሻለው ግን አመሻሽ ላይ፣ ዋጋው ሲወርድና ሜዳው ሲፈታ ገብቶ ዘጠኝ ቀዳዳ መጫወት ነው። ሂሳቡ ከሁለት ትልልቅ ባልዲዎች እምብዛም አይርቅም። ቦርሳውን አቅልሉት፤ አምስት ስድስት ዱላ ይበቃል፤ የጎደለውን ዓይነት ምት በያዛችሁት መፍጠር ትለምዳላችሁ። ከፊተኛው መነሻ ምቱ፤ ለመኩራራት ብሎ ከኋለኛው መነሣት ለማንም አይበጅም። ከፊታችሁም ከኋላችሁም ሰው ከሌለ ያበላሻችሁትን ምት እዚያው ተዳፋት ላይ ሌላ ኳስ ጥላችሁ ድገሙት፤ አንድ እንዲህ ያለች ድጋሚ ከግማሽ ባልዲ ትበልጣለች። ነጥባችሁን በእርሳስ ጻፉ፤ ስምንቷንም ስምንት ብላችሁ ጻፉ። ኳስ ዛፍ ውስጥ ከጠፋችም ብዙ አትድከሙ፤ ከ2019 ወዲህ ሕጉ ለፍለጋ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዱሮ አምስት ነበር።

ወዳጄ ይህን ያነብ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና ሌሎች ሁለት ሰዎች አለን፤ አራተኛ ይጎድለናል። ባልዲውን ተውና ና። ማንም ‹‹ባዲ›› አይልህም፤ በስምህ እንጠራሃለን። እናንተም ሌሎቻችሁ ብትመጡ ደስታችን ነው፤ ከኋላችሁ ፈጣን ተጫዋቾች ከደረሱባችሁ ግን እባካችሁ ዳር ያዙና አሳልፏቸው።